ዓሣችን የሚኖርበት ውሃ፣ እኛ የምንጠጣው ውሃ



ባለፈው ሳምንት ስለ መታወቂያ እድሳት ወረፋ የጻፍኩትን ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። ከጽሑፉ ጋር ቤቴ ተቀምጬ የተነሳሁትን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ስለ መታወቂያው ከጠየቃችሁኝ ይልቅ ከትከሻዬ ጀርባ ስለሚታየው የመስታወት ገንዳ የጠየቃችሁኝ ትበልጣላችሁ። አንዱ ወንድም በውስጥ መስመር «ያ ዓሣ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?» አለኝ። አንዲት እህት «ለሰው ኪራይ አዋጡ እያልክ አንተ ዓሣ ታሳድጋለህ?» አለችኝ። ጅዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ደውሎ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ከዚያ «ለመሆኑ ምን ይበላል? ከልጆቹ አፍ ነጥቃችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልተቀየምኩም። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ስደተኛ ቤት ዓሣ ባይ ይህንኑ ነበር የምለው። ግን የዓሣው ነገር ረጅም ነው፤ ስለ ዓሣ ብቻም አይደለም። ስለ ውሃ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ጊዜ ያላችሁ አንብቡት፣ ልጆች ያላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እዚህ ኢስሊ ከገባን ሰባት ዓመታችን ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሆነን እንኖራለን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄና ታናሽ ወንድሟ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቤት አትወጣም። ሠፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፎሊስ ሲበዛ እኛ ትልልቆቹም አንወጣም። ውሻ አይፈቀድም፣ ለድመት ቦታ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሲል «አባዬ፣ ዝም ብሎ የሚኖር እንስሳ የለም?» አለችኝ። ዝም ብሎ የሚኖር። እኛን አይታ ነው እንዲህ ያለችው። እኔ ግን ያን ጊዜ ሳቅሁ።

የልደቷ ቀን ከተማ ወረድንና ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ቀይ ዓሣ ገዛን። ቤታ ይባላል፤ እዚህ ሰው «ፋይተር» ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሁለት ወንድ አንድ ላይ ከተቀመጡ እስኪደማሙ ይጣላሉ። አገሩ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ታይላንድ፣ ካምቦዲያ፣ በዚያ አካባቢ በሩዝ ማሳና ረግረግ ውስጥ የሚኖር ነው። ታይላንዶች በ2019 የአገራችን የውሃ እንስሳ ነው ብለው አውጀውታል። እንግዲህ እሱም ከአገሩ ወጥቶ ናይሮቢ የገባ ነው። ክንፉ እንደ ነጠላ ጥለት ይዘናፈላል። ልጄ «በርበሬ» ብላ ስም አወጣችለት። በሁለት ሊትር የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርገን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው።

በርበሬ አሥራ አንድ ቀን ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ኬንያ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ በሠፈራችንም ወሬው በዝቶ ሰው ሁሉ ፈርቷል። እኔም እንደ አባት ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። የክሎሪን ፈሳሽ ገዛሁ፤ አገር ቤት «ውሃ አጋር» የምንለው ዓይነት ነው። መመሪያው ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን ይላል፤ ውሃው ከደፈረሰ ሁለት። ውሃው የደፈረሰ መሰለኝና ሁለት አደረግሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ቤተሰቡን አጠጣሁ። ከዚያ የዓሣው ዕቃ ቆሽሾ ስላየሁ «እሱም ንጹህ ውሃ ይግባለት» ብዬ አሮጌውን ሙልጭ አድርጌ ደፍቼ ከዚያው ጀሪካን ሞላሁለት። ለእሱም አዝኜ ነው፤ ኮሌራ እንዳይዘው ይመስል።

ማታ ዕቃው ውስጥ ሲራወጥ አይተነዋል። «ንጹህ ውሃ ደስ ብሎት ነው» አልኩ። ጠዋት በጎኑ ተኝቶ አገኘነው።

ልጄ አላለቀሰችም። ዓሣውን አየችው፣ ጀሪካኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና «አባዬ፣ ይህን ውሃ እኛም ጠጥተናል?» አለችኝ።

እናንተ አባቶችና እናቶች፣ ይህን ጥያቄ ልጅ ፊታችሁ ቆሞ ሲጠይቃችሁ አስቡት። መልስ አልነበረኝም። «ለእኛ ምንም አይለንም» አልኩ። ለምን ለእኛ ምንም እንደማይለን ግን አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ሱቋ ተመለስኩ፤ ልጣላ ነበር የሄድኩት፣ «የታመመ ዓሣ ሸጣችሁልኝ» ልል። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴት ናት። ጨርሼ እንድናገር ጠበቀችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ውሃው ከየት ነው?»

ከየት እንደሆነ አላወቅሁም። ለአራት ዓመት ያህል ከአንድ ሕንጻ ውሃ እየጠጣሁ፣ ልጆቼን እያጠጣሁ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ከቧንቧ ነው የሚመጣው፣ አበቃ።

ሴትዮዋ ያስረዳችኝን፣ በኋላም እየጠየቅሁና እያነበብኩ የገባኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። ክሎሪን ጀርም ይገድላል። እኛ ስንጠጣው ያች ትንሽ መጠን አፍና ሆድ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ተዋግታ ታልቃለች፤ ስለዚህ በመመሪያው መጠን ከተጠቀምን አይጎዳንም። ያን ቀን ሁለት ክዳን ማድረጌም ለቤተሰቡ ጉዳት አልነበረውም። ዓሣ ግን ውሃውን የሚጠጣው ብቻ አይደለም፣ የሚተነፍሰው ነው። ስንጥቡ ስስ ቆዳ ነው፤ ውሃው በእሱ ላይ ሲያልፍ ደሙ ጋ ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለእኛ ከኮሌራ የሚያድነን ነገር እሱን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ያን ሌሊት ደስ ብሎት አልነበረም የሚራወጠው።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ሁለት ሊትር ዕቃ ለቤታ አይበቃም። «በኩሬ ውስጥ የሚኖር ነው፣ ጭላጭ ይበቃዋል» የሚባለው ሐሰት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስቦ መተንፈስ ስለሚችል በትንሽ ውሃ ቶሎ አይሞትም እንጂ አይኖርበትም። የራሱ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ በትንሽ ውሃ ውስጥ አሞኒያው ቶሎ ይከማቻል። ቢያንስ አሥር ሊትር፣ ቢቻል ሃያ ያስፈልገዋል።

ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ «እንግዲህ አሁን ስለምናውቅ ሌላ እንግዛ» አለች። ስምንት ወር አጠራቅመን፣ የተጠቀመበትን አሮጌ የ20 ሊትር ገንዳ ከሚሸጥ ሰው ገዝተን፣ ሁለተኛውን አመጣን። ከበርበሬ ያነሰና የባሰ ቁጡ ነው። «ሚጥሚጣ» ተባለ። እናንተ በፎቶው ያያችሁት እሱን ነው።

እሱን ከማምጣታችን በፊት ግን የሴትዮዋን ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ። ውሃው ከየት ነው? ኬርቴከሩን ለአንድ ወር ያህል አደከምኩት። በመጨረሻ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሕንጻችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ውሃ አለ።

አንደኛው የከተማው ውሃ ነው፤ በፈረቃ ይመጣል፣ እኛ ጋ ማክሰኞና ዓርብ። የናይሮቢ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው ከንዳካይኒ ግድብ፣ ከአበርዴር ተራሮች በኩል የሚወርድ የወንዝ ውሃ ነው። ለስላሳ ነው፣ ማዕድኑ ትንሽ ነው፣ ክሎሪን ግን አለው።

ሁለተኛው የጉድጓድ ውሃ ነው። አከራዩ ራሱ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ የከተማው ውሃ በሌለበት ቀን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ የሚሞላው ይሄ ነው። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ክሎሪን የሌለበት። ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። «ማዕድን ውሃ ነው» ይላሉ።

ሦስተኛው ሁለቱም ሲጠፉ በቦቴ ወይም በጋሪ የሚመጣው ነው። ከየት እንደተቀዳ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም አይናገርም።

እኔ እንደ ሞኝ «ክሎሪን ነው የገደለው፣ እንግዲህ ክሎሪን የሌለበትን የጉድጓዱን ውሃ ለዓሣው ላድርግ» ብዬ ወሰንኩ። ደግነቱ ከማድረጌ በፊት ትንሽ ውሃ በጠርሙስ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጠብታ ጨምራ የፒኤች መለኪያው ቀለም ሲለወጥ አሳየችኝ፤ ከ8 በላይ ነው። ቤታ ወደ 7 ገደማ ይወዳል፤ ትንሽ ቢበልጥም ይለምደዋል። ግን አንድ ነገር አለ፦ ፒኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር ያው አሞኒያ የበለጠ መርዝ ይሆናል። በከተማው ውሃ የማይጎዳው ያህል አሞኒያ በጉድጓዱ ውሃ ይጎዳዋል። ከዚያ ሴትዮዋ ጠርሙሱን አንስታ ብርሃን ላይ እያየች «ይህን ውሃ ትጠጡታላችሁ? ልጆች አሉህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «የትልቋ ጥርስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። ወንጂን የምታውቁ ወዲያው ገብቷችኋል። የሸንኮራ አገዳ፣ የፋብሪካው ጡሩንባ፣ ቡናማ ጥርስ። እኛ ስናድግ የሰው ጥርስ እንዲህ ነው ብለን ነው ያደግነው። አዳማም ሆነ አዲስ አበባ ስንሄድ «ጫት ትቅማለህ? ሲጋራ ታጨሳለህ?» ይሉናል። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በእኛም አገር በኬንያም፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። ትንሹ ለጥርስ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ጥርስን ያጠቁራል፣ ያቦረቡራል። ለብዙ ዓመት እጅግ የበዛውን የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ ይያዛል። በወንጂ አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸውን፣ ጀርባቸው የደረቀ ሽማግሌዎችን አይቻለሁ። ያን ጊዜ «የሥራ ብዛት ነው» ይባል ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሴትዮዋ የነገረችኝ የናይሮቢ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ከዚያ እንደሚያልፍ ነው። ቤት ገብቼ ልጄን «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። የፊት ጥርሶቿ ላይ ነጭ ነጭ መስመር አለ። እንደ ኖራ። የወንጂ ልጅ ያን መስመር ያውቀዋል፤ ቡናማው ከመምጣቱ በፊት የሚመጣው ነው። ታናሹ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ቋሚ ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ሲሠራ ነው። ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሆነው ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው የሚሉት ለዚህ ነው።

ከወንጂ ሸሽቼ፣ ድንበር አቋርጬ፣ ልጆቼን ይዤ አገር ለቅቄ፣ ያንኑ ውሃ ናይሮቢ አምስተኛ ፎቅ ላይ አጠጣቸዋለሁ። ደግሞ እየመረጥኩ፤ «ጥሩው ውሃ ነው፣ ክሎሪን አይሸትም» እያልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፍሎራይድን ክሎሪን አያጠፋውም። ማፍላትም አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይከማቻል። አይሸትም፣ አያደፈርስም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። የሚታወቀው ተለክቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አዲስ ሥርዓት ወጣ። ለልጆቹ መጠጥና ምግብ ማብሰያ የከተማው ውሃ ብቻ፣ በፈረቃው ቀን ተቀድቶ፣ እንደ መመሪያው ታክሞ። የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ። ለሚጥሚጣም የከተማው ውሃ፣ ግን ክሎሪኑ የወጣለት። ለእኛ ደህና እንዲሆን ክሎሪን እንጨምራለን፣ ለእሱ ደህና እንዲሆን ክሎሪን እናስወጣለን። ንጹህ ውሃ ሲባል ለማን ብሎ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ ይህ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ከዚያ በ2025 መጀመሪያ የጉዞ ቀን ተሰጠን። ስንቶቻችሁ ያን ስልክ ስትጠብቁ እንደኖራችሁ አውቃለሁ። ምርመራው አልቋል፣ ትምህርቱ አልቋል፣ ቀኑ ተቆርጧል። ፍራሽ ሸጥን፣ ምድጃ ሸጥን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣን። ዓሣ ግን አይሸጥም፤ ልጄ አልሸጥም አለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። እሳቸው «አምጪው፣ ወሬ አጫውተዋለሁ» አሏት። ልጄ ግን ከበርበሬ ወዲህ ውሃ ለሰው አታምንም። ወረቀት ይዛ ተቀመጠችና መመሪያ ጻፈች። አማርኛ መጻፍ እንዲህ በአንድ ቀን ሲገባት አይቼ አላውቅም፤ ፊደል የሚቸግራትን ከእናቷ እየጠየቀች ጻፈችው። ዓሣ ያላችሁ ወይም ልጆቻችሁ የሚነዘንዟችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋልና እንዳለ ልገልብጠው፦

«ለእማማ።
1. ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ከሚመጣው ይሁን። ከጉድጓዱ አይቅዱ።
2. ባልዲው ክዳኑ ተከፍቶ ሁለት ሌሊት ይደር። የክሎሪኑ ሽታ ይወጣል። ቢቸኩሉ ከትንሿ ጠርሙስ አባቴ ያሰመረበትን ያህል ጠብ ያድርጉ።
3. የክሎሪን መድኃኒት ባለበት ጀሪካን አይቅዱ። ሳሙና በነካው ባልዲም አይቅዱ።
4. ውሃውን ሁሉ አይድፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ይቀይሩ።
5. አዲሱ ውሃ እንደ አሮጌው ለብ ይበል። ቴርሞሜትሩ ከ24 በታች ከ28 በላይ አይሁን።
6. ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት። ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት።
7. ጠዋት 3 ፍሬ ማታ 3 ፍሬ ይብላ። እየተንቆራጠጠ ቢለምንዎት አይስጡት። ይዋሻል።
8. ስሙ ሚጥሚጣ ነው።»

ምክንያቱን ላልገባችሁ ትንሽ ላብራራ። ቁጥር 2 ላይ ያለው ውሃን ከፍቶ ማሳደር የሚሠራው ተራው ክሎሪን ከሆነ ነው፤ ክሎራሚን የሚጨምሩበት ከተማ ያላችሁ፣ አሜሪካ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው፣ ማሳደር አይበቃችሁም። የዓሣ ሱቅ የሚሸጠውን ጠብታ መግዛት አለባችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሶዲየም ቲዮሰልፌት አለበት። ቁጥር 4 እና 6 የተያያዙ ናቸው። ገንዳው ውስጥ፣ በተለይ ስፖንጁ ላይ፣ አሞኒያውን በልተው መጀመሪያ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙ ጉዳት የሌለው ናይትሬት የሚያደርጉ ደቃቃ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አዲስ ገንዳ ላይ እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በቧንቧ ውሃ ስታጥቧቸው ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል፤ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በጣም ማጽዳትም ይገድላል ማለት ነው። ቁጥር 5 ደግሞ የናይሮቢ ሐምሌ ነው። እናንተ ሙቅ አገር ያላችሁ አታውቁትም፤ ያለ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ ከ20 በታች ይወርዳል፣ ዓሣውም ተኮራምቶ ጥግ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ እኛ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ ገንዳው ላይ እናንሳፍፋለን።

ሌላም የቀረ አለ። በሃያ ሊትር ጀሪካን የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለዓሣው ይሻላል ብላችሁ እንዳትገዙ። ብዙው ማዕድኑ ሁሉ ወጥቶለታል፤ ለብቻው ሲሆን ፒኤቹ አይረጋም። ዓሣውን ስታመጡ ደግሞ ከላስቲኩ በቀጥታ አትገልብጡት። ላስቲኩን ገንዳው ላይ ሃያ ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ግማሽ ሲኒ የገንዳውን ውሃ ጨምሩበት፣ አንድ ሰዓት ያህል። አዲስ ውሃ በአንድ ጊዜ አይለመድም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ዓሣው ከወረቀቱ ጋር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደ። ልጄ እስከ ደረጃው ሸኘችው። ከዚያ ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን መልእክት መጣ፦ ጉዞው ተሰርዟል፣ ሂደቱ ቆሟል። ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ያን ሰሞን ስንቶቻችን በባዶ ክፍል ውስጥ በሻንጣ ላይ እንደተቀመጥን ታውቃላችሁ። ከእናንተም የነበራችሁ አላችሁ። ያን ሌሊት በተመለከተ ብዙ አልጽፍም። ፍራሽ እንኳ አልነበረንም።

ልጄ ስለ አውሮፕላኑ አልጠየቀችም። በሁለተኛው ቀን እናቷ «ሚጥሚጣን እንጠይቃቸው?» ብትላት «ሰጥተን እንዴት እንመልሳለን? ነውር ነው» አለቻት። ይህን ያስተማርናት እኛ ነን፤ ያን ዕለት ባናስተምራት ብዬ ተመኘሁ። በአራተኛው ቀን ግን በራችን ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ከኋላቸው የኬርቴከሩ ልጅ ገንዳውን ታቅፎ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቷል፣ ግማሹን ውሃ በባልዲ ለይተው። እማማ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል። «እኔ ለእንግዳ ነው የተቀበልኩት፣ እናንተ መቼ ሄዳችሁ» አሉ። ከዚያ ልጄን ጠርተው «ቁጥር ሰባት ላይ አንድ ቀን ተሸንፌአለሁ፣ አራት ፍሬ ሰጥቼዋለሁ። ይቅር በይኝ» አሏት። ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት።

ወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ሥራ ሠራ። እማማ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ልጅቷ ለዓሣው ከጉድጓዱ አይቅዱ ብላለች። ለዓሣ የማይሆን ከሆነ እኔ ለምን እጠጣዋለሁ?» ያው የልጄ ጥያቄ ነው፣ በሌላ አፍ። እኔ ለሁለት ዓመት የቤቴን ብቻ አስተካክዬ ዝም ብያለሁ። ስለ መታወቂያ፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ ፎሊስ ስጮህ የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ሕንጻዬ ውስጥ ያሉ ሃያ ምናምን ልጆች የሚጠጡትን እያወቅሁ ለጎረቤት አልተናገርኩም። ለምን? አከራዩ እንዳይቀየመኝ። ቤት ለስደተኛ የሚያከራይ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁና። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ሰባት ቤተሰብ ሆነን አዋጣንና ውሃውን በላቦራቶሪ አስለካነው። የጉድጓዱ ፍሎራይድ 2.8 ሆኖ መጣ፤ ከተቀመጠው ልክ እጥፍ ሊሆን የቀረው ትንሽ ነው። ወረቀቱን ይዘን አከራዩ ጋ ስንሄድ «ካልተስማማችሁ ውጡ» የሚል መልስ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ እንደዚያ ለማለት ቃጥቶት ነበር። እማማ ግን ቀድመው የታችኛውን ቤት ልጅ፣ የራሱን የኬርቴከሩን ልጅ፣ «አፍህን ክፈት» ብለው ጥርሱን አሳዩት። ጉድጓዱን ዝጋ አላልነውም። ሁለቱ ውሃ አይደባለቅ አልን። አሁን መሬት ላይ ሁለት ቧንቧ አለ፤ የከተማው ሰማያዊ፣ የጉድጓዱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙን የገዛነው እኛው ነን። በፈረቃው ቀን ከሰማያዊው ወረፋ አለ፣ ጠብም አለ፣ ግን ልጆቹ ሁሉ ከቀዩ እንደማይጠጣ ያውቃሉ።

የእኔን ልጅ የጥርስ መስመር ማንም አይመልሰውም። ታናሹ በቅርቡ የመጀመሪያው ቋሚ ጥርሱ ወጥቷል፤ ነጭ ነው። በየቀኑ አፉን አስከፍቼ አያለሁ፣ እስኪሰለቸው።

እናንተም ባላችሁበት፣ ካኩማም ሁኑ ካምፓላ፣ ናኩሩም ሁኑ አዳማ፣ ሦስት ነገር አድርጉልኝ። ውሃችሁ ከወንዝ ይሁን ከጉድጓድ ጠይቁ። ጉድጓድ ከሆነና ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ተሰብስባችሁ አስለኩት፤ ብቻችሁን ካልቻላችሁ አምስት ሆናችሁ አዋጡ። ክሎሪኑን ግን ዓሣ ገደለ ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ኮሌራ ከጥርስ አይጠብቅም፣ በቀናት ይገድላል።

ያቺ እህቴ፣ ስለ ኪራይ መዋጮው የጠየቅሽው ትክክል ነው፣ የማን ገንዘብ የት እንደገባ የመጠየቅ መብት አለሽ። ለእናትየዋ የተዋጣው ለእናትየዋ ደርሷል፣ ደረሰኙን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የገንዳው ገንዘብ የልጄ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ደግሞ፦ በቀን ስድስት ፍሬ ይበላል። ከማንም አፍ አልነጠቅንም።

ቸር ሰንብቱ።